የመኪና ቴፕ ማስገጠም፦ ለባለሙያ መክፈል የሚያዋጣው መቼ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድሮይድ ቴፕ ሊገዙ ሱቅ ከገቡ፣ ከዋጋው ቀጥሎ የሚሰሙት ነገር ይታወቃል፦ «መግጠሚያው ነፃ ነው።» ደስ ይላል። ማኪያቶ ጠጥተው ሲመለሱ ስክሪኑ በርቶ፣ ዘፈኑ ተከፍቶ ይጠብቅዎታል። ከስክሪኑ ጀርባ ያለውን ግን አያዩትም። የመኪናው ኦሪጅናል ሶኬት ተቆርጦ፣ ሽቦው በእጅ ተጠምዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ ውስጥ በጣም ይግላል። የናስትሮው ማጣበቂያ ይቀልጣል፣ ይንሸራተታል፣ ሽቦው ይራቆታል። ከወራት በኋላ ፊውዝ ሲቃጠል ወይም ባትሪ ሲያልቅ ማንም ከቴፑ ጋር አያገናኘውም።

ስለዚህ ጥያቄው «ራሴ ልግጠም ወይስ ላስገጥም?» ብቻ አይደለም። ምርጫው ሦስት ነው። ራስዎ መግጠም፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ነፃ ገጠማ መቀበል፣ ወይም ለሙያው ተከፍሎት ጊዜ ወስዶ ለሚሠራ ሰው መስጠት። እኔ መሃለኛውን አልወደውም። ሽቦ የማይቆረጥበት ሥራ ከሆነ ራስዎ ይሞክሩት። ሽቦ የሚቆረጥበት ወይም ከባትሪ ገመድ የሚሳብበት ከሆነ ደግሞ በደንብ ይክፈሉና በደንብ ያሠሩ። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. መጀመሪያ የጎደለዎት ምን እንደሆነ ይለዩ

ብዙ ሰው ቴፕ የሚቀይረው በሬዲዮ ምክንያት ነው። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ ቪትዝ ወይም ኮሮላ የያዘ ሰው ይህን ያውቃል። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 ሜጋኸርዝ ይጀምራል። ድሮ 90 ላይ ያበቃ ነበር፤ በኋላ እስከ 95 ተራዝሟል። የእኛ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1። ሬዲዮዎ አልተበላሸም ማለት ነው። ሸገር ያለበት ቁጥር እሱ ጋ የለም፣ በቃ።

ለዚህ ብቻ ከሆነ ሙሉ ቴፕ መቀየር ግዴታ አይደለም። ባንድ ኤክስፓንደር የሚባል ትንሽ ዕቃ አለ። በአንቴናው ገመድና በቴፑ መሃል ይገባል። ሞገዱን ዝቅ አድርጎ ለጃፓኑ ሬዲዮ ያቀብላል። ለምሳሌ በ14 ሜጋኸርዝ የሚያወርድ ከሆነ ሸገርን 88.1 ላይ ያገኙታል። ጥራቱ እንደ እውነተኛው ሬዲዮ አይሆንም፤ አንዳንድ ጣቢያም ሊደራረብ ይችላል። ግን ርካሽ ነው፤ ዜናና ወግ ለሚሰማ ሰው ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። «ጥሩ ዕቃ ነው፣ ፓዮኒር ነው» ተብሎ ያገለገለ ካሮዜሪያ ቴፕ ቢያቀርቡልዎት አይቸኩሉ። ካሮዜሪያ ፓዮኒር ለጃፓን ገበያ የሚጠቀምበት ስም ነው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ሬዲዮው ግን የሚሠራው በዚያው በጃፓን ሞገድ ነው። ከፍለው ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ከዱባይና ከሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ገበያ የመጡ መኪኖች ግን ይህ ችግር የለባቸውም። ሬዲዮአቸው እስከ 108 ይደርሳል።

ሁለተኛው ምክንያት ድምፅ ነው። ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ቴፑ ሳይሆን ስፒከሩ ነው። የድሮ ስፒከር ወረቀቱ ይደርቃል፤ ጠርዙ ይቀደዳል። መለየት ቀላል ነው። ባላንስና ፌደሩን፣ ማለትም ድምፁን ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ የሚወስዱትን ማስተካከያዎች፣ እያንቀሳቀሱ አራቱንም በር ለየብቻ ያዳምጡ። አንድ በር ብቻ ከተንኮሻኮሸ የዚያን በር ስፒከር ይቀይሩ። በአራቱም በር እኩል ከሆነ ያኔ ቴፑን ይጠርጥሩ።

ሦስተኛው ብሉቱዝ ነው። ቴፑ ኦክስ ቀዳዳ ካለው አነስተኛ የብሉቱዝ መቀበያ ይሰኩበትና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ለዚህ የሚከፈል ባለሙያ የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «አይ፣ ስክሪንና የኋላ ካሜራ እፈልጋለሁ» ካሉ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

2. መኪናዎ የትኛው ዓይነት ነው?

መልሱን ከምንም በላይ የሚወስነው ይኸ ነው። ለዚህ ሥራ ሲባል መኪኖችን ሦስት ቦታ እከፍላቸዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቴፑ ለብቻው የቆመባቸው ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2000ዎቹ መጀመሪያ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይሉክስና የመሳሰሉት። ቴፑ ቢወጣ መኪናው ግድ የለውም። የአብዛኛው የቶዮታ ቴፕ ጀርባ ላይ ሁለት ሶኬት አለ። 10 ፒን ያለው ኃይልና የፊት ስፒከሮችን ይይዛል፤ 6 ፒን ያለው የኋላ ስፒከሮችን። በእነዚህ ላይ የሚሰካ አገናኝ ገመድ አለ። አንዱ ጫፉ የመኪናውን ሶኬት ይቀበላል፣ ሌላው ወደ አዲሱ ቴፕ ይሄዳል። ምንም አይቆረጥም። ለመኪናዎ ሞዴል ተብሎ የተሠራ አንድሮይድ ቴፕ ከገዙ ይህ ገመድ ከነፍሬሙ ካርቶኑ ውስጥ ይመጣል። ለብቻው የሚፈልጉ ከሆነና ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት፣ ሜትራ የሚባለው ኩባንያ 70-1761 ብሎ የሚሸጠው ለብዙ የድሮ ቶዮታዎች የሚሆን ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ዘመድዎ አያማርርም።

ስፋቱንም ይለኩ። መደበኛው ባለ ሁለት ፎቅ ቴፕ 180 በ100 ሚሊ ሜትር ነው። የቶዮታ ክፍት ቦታ ብዙ ጊዜ 200 በ100 ነው። 20 ሚሊ ሜትሯን ፍሬም ይሞላታል። ፍሬም ሳይኖር የተገጠመ ቴፕ ግራና ቀኙ ክፍተት ይኖረዋል፤ ኮብልስቶን ላይም ሲንቀጫቀጭ ይኖራል።

ሁለተኛዎቹ ስክሪናቸው ከሌላ ሥራ ጋር የተያያዘ መኪኖች ናቸው። የአየር ማቀዝቀዣው መረጃ፣ የመኪናው ሴቲንግ፣ የመሪው ላይ ቁልፎች በዚያው ስክሪን በኩል የሚያልፉ። እዚህ ካንባስ የሚባለውን የመኪናውን የመረጃ መስመር ወደ ቴፑ የሚተረጉም ትንሽ ሳጥን ያስፈልጋል። ሳጥኑ ለትክክለኛው ሞዴልና ዓመት መሆን አለበት፤ አለዚያ የመሪው ቁልፍ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ መኪና ካለዎት ባለሙያ ይሻልዎታል፤ ያውም የእርስዎን ሞዴል ከዚህ በፊት የሠራ።

ሦስተኛዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በእነሱ ተሞልቷል። በእነዚህ ላይ ስክሪን ስለመቀየር አያስቡ። ስክሪኑ የመኪናው ግማሽ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ ሆኖ በቻይንኛ ካስቸገረዎት የቋንቋ ጉዳይ የሶፍትዌር ሥራ ነው፤ የሽቦ አይደለም። ስፒከር መቀየር ግን ይቻላል። ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወፍራም ገመድ ካዩ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። እሱ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ነው፤ ሰው ይገድላል።

3. የሥራውን ክብደት ይመዝኑ

«ቴፕ ማስገጠም» ሲባል አራት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። ዋጋቸውም አደጋቸውም አይገናኝም።

ቴፕ በሶኬት መቀየር ቀላሉ ነው። ካቻቢቴና ትዕግሥት ያለው ሰው ግማሽ ቀን ውስጥ ይጨርሰዋል።

ስፒከር መቀየርም ከባድ አይደለም፤ የበሩን ልባስ ማውጣት ግን ያስፈራል። የሚይዘው በፕላስቲክ መቆለፊያዎች ነው። መኪናው ያረጀ ከሆነ አንዳንዶቹ ይሰበራሉ፤ ትርፍ ገዝተው ይጀምሩ። ከስፒከር ጋር የሚረሳ ነገር የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ አቅጣጫ ነው። አንዱ በር ተገልብጦ ከተገጠመ ስፒከሮቹ እርስ በርስ ይሻራሉ፤ ቤዙ ይጠፋል። ሰውየው «ስፒከሩ ውሸት ነው» ብሎ ከነጋዴው ጋር ይጣላል። የ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ቢያስነኩት ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቭ ነው። አንድ ነገር ደግሞ በጭራሽ አይደረግም። የስፒከርን ኔጋቲቭ ከመኪናው ቦዲ ጋር ማገናኘት። የዛሬ ቴፖች በሁለቱም ሽቦ ኃይል ያወጣሉ፤ ቦዲ ሲነካቸው ውስጣቸው ይቃጠላል።

የኋላ ካሜራ መሃል ላይ ነው። ገመዱ ከኋላ እስከ ፊት በምንጣፉ ሥር ይጓዛል፤ ኃይሉን ከኋላ ማርሽ መብራት ይወስዳል። አስቸጋሪ ሳይሆን አሰልቺ ሥራ ነው። ለአሰልቺነቱ ሲሉ ቢከፍሉ አልፈርድብዎትም።

አራተኛው አምፕሊፋየር (ባጭሩ አምፕ፣ የድምፁን ኃይል የሚያጎላው ሳጥን) እና ቤዝ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ መኪና የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነውና።

ሒሳቡን ይዩት። የምር 500 ዋት የሚያወጣ አምፕ ገዙ እንበል። የድሮው ዓይነት፣ ክላስ ኤቢ የሚባለው፣ ከሚወስደው ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ስለዚህ ሙሉ ድምፅ ላይ 1000 ዋት ገደማ ይስባል። ሞተሩ ሲሠራ የመኪናው ቮልቴጅ 13.8 አካባቢ ነው። 1000 ለ13.8 ሲካፈል ከ70 አምፔር ይበልጣል። ትንሽ መኪና ላይ ያለ ዲናሞ ሙሉ አቅሙ ከዚያ ብዙም ላይርቅ ይችላል፤ ከዚያው ላይ ደግሞ መብራቱ፣ ማራገቢያውና ሞተሩ ራሱ ይፈልጋሉ። ሙዚቃ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ስለማይሆን አማካዩ ዝቅ ይላል። ቢሆንም ገመዱ ለጫፉ መዘጋጀት አለበት። ክላስ ዲ የሚባለው አምፕ የተሻለ ነው፤ ለዚያው 500 ዋት 45 አምፔር ገደማ ይበቃዋል። ለቪትዝ የሚያስቡ ከሆነ እሱን ይምረጡ።

ይህን ያህል ኃይል የሚሸከም ገመድ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። ለምሳሌው አምፕ 4 ጌጅ የሚባለው፣ ውፍረቱ 21 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የሆነ መዳብ ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያለው ብዙው ግን ላዩ መዳብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። የሚያስተላልፈው የመዳቡን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ጫፉን በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ቢያንስ በመዳብ ዋጋ አይክፈሉት።

ከሁሉም የሚበልጠው ፊውዙ ነው። ከባትሪው 45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ መሆን አለበት። አምፑ ጋ ያለው ፊውዝ አምፑን እንጂ ገመዱን አይጠብቅም። ከኮፈኑ ሥር ወደ ውስጥ ሲያልፍ ገመዱ የብረት ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ይፋቃል። አንድ ቀን ብረቱን ይነካል። ፊውዝ ካለ ፊውዙ ይበጠሳል። ከሌለ ባትሪው ያለውን ሁሉ በዚያ ገመድ ያፈሳል፤ ገመዱ ቀልጦ ምንጣፉን ያነድዳል። በቀዳዳው ላይ የጎማ መከላከያ ያልተደረገበትንና ባትሪው አጠገብ ፊውዝ የሌለበትን ሥራ ማንም ቢሠራው አይቀበሉ።

ስለዚህ አምፕ ካለ፣ ኤሌክትሪክ ካልተማሩ በቀር፣ ይክፈሉ። ክርክር የለውም።

4. ራስዎን ይጠይቁ

አራት ጥያቄ ብቻ። ቴስተር አለዎት? 12 ቮልት መለካትስ ይችሉበታል? መኪናውን አንድ ሙሉ ቀን ማቆም ይችላሉ? ላዳም ሆነ ራይድ የሚሠሩበት ከሆነ የቆመበት ቀን ራሱ ወጪ ነው። ሥራው መሃል ላይ ቢቆም የሚደውሉለት ሰው አለ? አራቱንም «አዎ» ካሉና መኪናዎ የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ፣ መክፈል አያስፈልግዎትም።

አዲስ መኪና ከሆነና ዋስትና ካለው ግን ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ። የተቆረጠ ሽቦ ዋስትና ለመከልከል ጥሩ ሰበብ ነው። የኢንሹራንስ ውልዎንም ገለጥ ያድርጉ፤ በመኪናው ላይ ለሚጨመር ዕቃ ምን እንደሚል ማወቅ ይጠቅማል።

5. ራስዎ ከሆኑ፣ ቅደም ተከተሉ ይኸ ነው

ቁልፉን ያጥፉ፣ ያውጡ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ኤርባግ ኃይሉን ወዲያው አይለቅም፤ የቶዮታ መመሪያም ይህንኑ ይላል። ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ሽፋን ያለው ገመድ ካገኙ የኤርባግ ነው። አይንቀሉት፣ ቴስተርም አያስነኩት።

በዚህ ጊዜ ስልክዎን ያውጡና ፎቶ ያንሱ። ከመንቀልዎ በፊት፣ ከነቀሉ በኋላ፣ የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ። የትኛው ሶኬት ከየት እንደወጣ ማታ ላይ አያስታውሱም።

ፍሬሙን በብረት ካቻቢቴ አይፈልቅቁ። ይቧጨራል። የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ይግዙ፤ ከሌለ የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ይጠቅልሉ።

አገናኙ ገመድ ሙሉ ከሆነ ሶኬት ከሶኬት መሰካት ነው። ሽቦ በቀለም ማገናኘት ከመጣ ደግሞ ከመኪናው ወገን ያለውን ቀለም ሳይሆን የቴፑን ቀለም ይመኑ። በአብዛኛው ቴፕ ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው፤ ሰዓትና ሴቲንግ የሚይዘው እሱ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚበራ። ጥቁሩ ቦዲ። ሰማያዊው ለአንቴና፤ ሰማያዊ ነጭ መስመር ያለው አምፕ ለማስነሳት። ነጭ የፊት ግራ ስፒከር፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ወይን ጠጅ የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለበት የየቀለሙ ኔጋቲቭ ነው። ቢጫና ቀዩን ካቀያየሩ መኪናውን ባጠፉ ቁጥር ቴፑ ሁሉን ነገር ይረሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ ቢጫው መስመር ላይ ካሰሩ ደግሞ ቴፑ አይጠፋም፤ ጠዋት መኪናው አይነሳም።

የሚገናኝ ሽቦ በስታኞ ይበየድ ወይም በልኩ መጭመቂያ ይጨመቅ። ከዚያ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ ይልበስ። ናስትሮ ለገመድ ማሰሪያነት ይሁን፤ ለመጋጠሚያ አይታመንም።

ሁሉንም ከመዝጋትዎ በፊት ባትሪውን መልሰው ይሞክሩት። ሬዲዮ፣ አራቱ ስፒከር፣ ብሉቱዝ፣ ካሜራ። ከሠራ ይዝጉ።

6. የሚከፍሉ ከሆነ ዋጋውን ለሁለት ከፍለው ይጠይቁ

ሱቅ ሲገቡ መጀመሪያ «ያለ መግጠሚያ ስንት ነው?» ይበሉ። ቅናሽ ካለ መግጠሚያው ነፃ አልነበረም። ቅናሽ ከሌለም ልጁ የሚከፈለው በቀን በሚገጥመው ብዛት መሆኑን ይገምቱ። ፈጥኖ መጨረስ ይጠቅመዋል። ልጁን አልወቅስም፤ ሥራው የተሰፈረለት በፍጥነት ነው። እርስዎ ግን ሌላ መስፈሪያ ማምጣት ይችላሉ። «ሽቦ ሳይቆረጥ፣ በሶኬት ብቻ ከሆነ ተጨማሪ እከፍላለሁ» ማለት ብዙ ነገር ይቀይራል። ለዚህ የሚከፈለው በኋላ የተቆረጠ ሽቦ ከሚያስቀጥሉበት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዋጋ ያንሳል።

ዋጋው ምን ምን እንደሚጨምር አስቀድመው ይነጋገሩ። ፍሬም፣ አገናኝ ገመድ፣ የካንባስ ሳጥን ካስፈለገ፣ የካሜራ ገመድ ዝርጋታ፣ ከተበላሸ የማስተካከያ ጊዜ። «እሱ ለብቻው ነው» የሚለው ቃል የሚመጣው ሁልጊዜ ዳሽቦርዱ ከተፈታ በኋላ ነው።

እግረ መንገድዎን ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አይመኑ። «4×50 ዋት» የሚለው ጫፍ ላይ ለቅጽበት የሚወጣ ነው። የቴፕ ውስጥ አምፕ በእያንዳንዱ ስፒከር በቋሚነት የሚያወጣው 20 ዋት አካባቢ ነው። የአንድሮይድ ራምና ስቶሬጅም ቢሆን ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ቁጥር እውነት ላይሆን ይችላል።

7. የሚገጥመውን ሰው እንዴት ይመርጣሉ?

በሱቁ መስታወትና መብራት አይመዝኑ። ሲሠራ ይመልከቱት። ሌላ ሰው መኪና ላይ እየሠራ ካገኙት አሥር ደቂቃ መቆም ይበቃል። ባትሪ ፈትቶ ነው የጀመረው? ቴስተር አጠገቡ አለ ወይስ አምፖል በሽቦ አስሮ ነው የሚፈትሸው? አምፖል ብዙ ኃይል ስለሚስብ የዘመናዊ መኪና ኮምፒውተርን ሊጎዳ ይችላል። ሽቦውን የሚልጠው በፒንሳ ነው ወይስ በጥርሱ? አይሳቁ፤ በጥርሱ የሚልጥ ሰው ስንቱን ቆርጦ እንደሚጥል ያያሉ።

ከዚያ በትህትና ይጠይቁ፦

«ወንድሜ፣ ለዚህ መኪና ሶኬቱ አለህ ወይስ ትቆርጣለህ?»

ጥሩ መልስ፦ «ሶኬቱ ካርቶኑ ውስጥ አለ፤ ካልገጠመ አሳይሃለሁ።» መጥፎ መልስ፦ «አታስብ፣ እኔ በዓይኔ ነው የማውቀው።» በዓይን የሚታወቅ ቮልቴጅ የለም።

«ከተበላሸ የምመልሰው ለማን ነው?» ብለውም ይጠይቁ። ስሙን፣ ስልኩንና የሥራውን ዝርዝር በደረሰኝ ላይ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ያውቃል። ለአምፕ ሥራ ደግሞ «ፊውዙን የት ታደርገዋለህ?» ይበሉ። «ባትሪው ጋ» ካላለ አመስግነው ይውጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ይከልክሉ። ብዙ ቴፖች የእጅ ፍሬን ካልተያዘ ቪዲዮ አያሳዩም። ገጣሚዎች ያችን ሽቦ ቦዲ ላይ አስረው ቪዲዮው እየነዱም እንዲታይ ያደርጋሉ፤ አንዳንዴ ሳይጠይቁዎት። ቀለበት መንገድ ላይ ክሊፕ እያየ የሚነዳ ሰው አጠገብዎ ሲያልፍ ምን እንደሚሰማዎት ያስቡና ሽቦዋ ትክክለኛ ቦታዋ ትግባ ይበሉ።

እየሠራ እያለ ከአጠገቡ አይራቁ። ማኪያቶውን ወደዚያው ያስመጡት። ጣልቃ አይግቡ፤ ግን ዳሽቦርዱ ሳይዘጋ የመጋጠሚያዎቹን ፎቶ ያንሱ። ወደፊት ችግር ሲመጣ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ፍለጋ ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቅዎት እሱን ነው።

8. ሳይረከቡ አይክፈሉ

የመጨረሻውን ገንዘብ ከመስጠትዎ በፊት መኪናው ውስጥ ቁጭ ይበሉ። በባላንስና ፌደር አራቱን ስፒከር ለየብቻ ይስሙ። ግራ ሲሉ ቀኝ ከጮኸ ተገላቢጦሽ ነው። ሬዲዮው ከ87.5 እስከ 108 የሚሄድ መሆኑን ይዩ፤ ካልሆነ ሴቲንግ ውስጥ የአገር ምርጫ አለ፣ እሱን ያስቀይሩ። የኋላ ማርሽ ያስገቡ፤ ካሜራው ይመጣል? ሰው ጋ ይደውሉ፤ ይሰማዎታል? ማይኩ ዳሽቦርዱ ውስጥ ተቀብሮ ከቀረ እርስዎ ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ይመስላሉ። ከመሪው ጀርባ ወይም የመስታወቱ ምሰሶ ላይ መውጣት አለበት።

ሞተሩን ያስነሱና ነዳጅ ሰጥ ያድርጉ። በስፒከሩ ውስጥ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚያፏጭ ድምፅ ካለ የቦዲ መስመሩ ጥሩ አልተያዘም። ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዳሽቦርድ መብራት፣ የኤርባግ ምልክት ሁሉንም ይፈትሹ። ከመግባትዎ በፊት ያልነበረ ምልክት ከበራ እዚያው ይታይ።

ኦሪጅናሉን ቴፕ፣ ፍሬምና የተረፉ ብሎኖች ይዘው ይውጡ። የእርስዎ ናቸው። መኪናውን የሚሸጡ ቀን ገዢው ይጠይቃል፤ ያ ቴፕ ሶማሌ ተራም ቢሆን ዋጋ አለው።

የቀረው የባትሪው ነገር ነው። አንዳንድ አንድሮይድ ቴፕ ቁልፍ ሲጠፋ አይጠፋም፤ ቶሎ ለመነሳት ሲል ተኝቶ ይጠብቃል። ተኝቶ 0.2 አምፔር ቢስብ በ24 ሰዓት 4.8 አምፔር ሰዓት ይወስዳል። 40 አምፔር ሰዓት ያለው የትንሽ መኪና ባትሪ በአራት ቀን ግማሹ ገደማ ያልቃል። ክፍለ ሀገር ሄደው ሲመለሱ መኪናው አልነሳም የሚለው ለዚህ ነው።

ለመለካት ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ ያድርጉ፤ ቀዩን ገመድም በ10 አምፔር ቀዳዳ ይሰኩ። ቁልፉን ያውጡ፣ በሮቹን ይዝጉ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱና ቴስተሩን በምሰሶውና በገመዱ መሃል ያስገቡ። መኪናው እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ቴስተሩ እንደተያያዘ ሞተር አያስነሱ፤ ይቃጠላል። ከ0.05 አምፔር በታች ካሳየ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የቴፑን ሶኬት ይንቀሉና ደግመው ይለኩ። ቁጥሩ ከወረደ ተጠያቂው ቴፑ ወይም ገጠማው ነው። መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ የመተኛ ምርጫውን ያጥፉና እንደገና ይሞክሩ። ካልወረደ ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዘው ወደ ገጠመው ሰው ይመለሱ።